የባሮክ ሥዕሎችና የሩፋኤል ዝናብ

ጠጋ በሉ ልጆች፣ ጠጋ ጠጋ! ዝም ብሎ መስማት የለም፤ እኔ ስል እናንተም ትላላችሁ። እሺ?

ባሮክ የሚባል ልጅ ነበር። ስድስት ዓመቱ ነው። ቤቱ ኮንዶሚኒየም ነው፣ አራተኛ ፎቅ ላይ።

ባሮክ ቤት ውስጥ ማውራት ከጀመረ ማን ያስቆመዋል! ሲበላ ያወራል። ሲለብስ ያወራል። ጥርሱን እየቦረሸ ሁሉ ያወራል።

ከቤት ሲወጣ ግን... ጭጭ!

ትልቅ ሰው አይቶት «ባሮክዬ፣ ደህና ነህ?» ሲለው፣ ባሮክ ሮጦ ከእናቱ ቀሚስ ሥር ይደበቃል።

«ምነው ልጄ፣ ሰላም አይባልም እንዴ?» ትለዋለች እማዬ።

«አፌ እምቢ አለኝ!» ይላል ባሮክ።

እስቲ እናንተም በሉት። «አፌ እምቢ አለኝ!»

ጎበዞች! እንቀጥል።

ክረምቱ ሊወጣ ሆነ። ነሐሴ አለቀና ጳጉሜን መጣች። ጳጉሜንን ታውቋታላችሁ? ከወሮች ሁሉ ትንሿ ናት፤ እሷ ስታልቅ ዓመቱም ያልቃል።

እማዬ ሕፃኗን ሚልካን አዝላ እሹሩሩ ትላለች። ሚልካ የባሮክ እህት ናት። ገና ጥርስ የላትም።

«ባሮክዬ፣ ዓመቱ እኮ ሊያልቅ ነው» አለች እማዬ። «ዘንድሮ ምን ጥሩ ነገር አገኘህ?»

ባሮክ ጣቱን አገጩ ላይ አድርጎ አሰበ። እንደገና አሰበ።

«ብዙ ነው!» አለ። «ጥርሴ ወለቀ። ሚልካ ተወለደች። ቦርሳዬ ተበጠሰ።»

«የተበጠሰ ቦርሳ ጥሩ ነገር ነው እንዴ?» ብላ እማዬ ሳቀች።

«እማማ ጽጌ ሰፉልኛ! ጥርሴን ስወረውርም ጋሽ ወርቅነህ ረዱኝ። ሚልካ ስትወለድም እትዬ ዘሀራ አብረውኝ ነበሩ።»

«አየህ? ስንት ደግ ጎረቤት አለልህ! እንግዲያው ሄደህ አመሰግናለሁ በላቸው።»

ባሮክ ዓይኑ ፈጠጠ። እናንተ ታውቃላችሁ ምን እንዳለ። «አፌ እምቢ ይለኛል!»

ግን ማመስገን ፈልጓል። በጣም ፈልጓል! ምን ይሻላል?

«አገኘሁ!» አለ ባሮክ። «ሥዕል እሥልላቸዋለሁ። እንቁጣጣሽ ሲሆን እሰጣቸዋለሁ። እኔ ዝም እላለሁ፣ ሥዕሉ ያወራል!»

በእንቁጣጣሽ ጠዋት ልጆች ሥዕል ይዘው በየቤቱ ይዞራሉ። ፀሐይ ይሥላሉ፣ አደይ አበባ ይሥላሉ። ባሮክ ግን ዘንድሮ የሆነውን ነገር ሊሥል ነው።

የውሃ ቀለሙን አወጣ። ብሩሹን ነከረ። ሸርተት! ሸርተት!

በር ለሚጠብቁት ለጋሽ ወርቅነህ፣ ቀይ ቆርቆሮ ሣለ። ቆርቆሮው ላይ ነጭ ጥርስ አስቀመጠ።

ሁለተኛ ፎቅ ለሚኖሩት ለእትዬ ዘሀራ፣ ሰማያዊ ምንጣፍ ሣለ። ምንጣፉ ላይ የሚያለቅስ ልጅ አስቀመጠ።

ሦስተኛ ፎቅ ለሚኖሩት ለእማማ ጽጌ፣ በቢጫ፣ በቀይ፣ በሁሉም ቀለም ክር ሣለ። ረጅም ክር። ረጅም፣ ረጅም፣ ረጅም ክር።

ክሩ ከመርዘሙ የተነሣ ወረቀቱ አልበቃውም። ትንሽ ጠረጴዛው ላይም ሄደ። እማዬ አላየችም። እኛም አንናገርም።

ከዚያ የሩፋኤል ቀን ደረሰ። ሰማዩ ጠቆረ። ጉድ-ድ-ድ-ድ! አለ።

ጠብ! ጠብ! ጠብጠብጠብ! ሿ-ሿ-ሿ!

«ዘነበ! የሩፋኤል ዝናብ ዘነበ!» ልጆች ከየፎቁ ተንደርድረው ወረዱ። በቁምጣ፣ በካናቴራ፣ በባዶ እግር።

ግቢው ውስጥ እየዘለሉ ጮሁ። «አሳድገን! አሳድገን!»

እማዬ ሳፋ አምጥታ በረንዳው ላይ አስቀመጠች። ዝናቡን በጣቷ ተቀብላ የሚልካን ግንባር ነካ አደረገችው።

«እንጥሽ!» አለች ሚልካ።

«ይማርሽ! እማዬ፣ ለምን አረጠብሻት?» አለ ባሮክ።

«የሩፋኤል ዝናብ ፀበል ነው ልጄ። የነካው ሁሉ ይባረካል» አለችው። ከዚያ ሚልካን ልታስተኛ ገባች።

የነካው ሁሉ? ባሮክ ቁጭ ብድግ አለ። የነካው ሁሉ ከሆነማ...

ወይኔ ልጆች! ምን እንዳሰበ ገባችሁ?

ባሮክ ሥዕሎቹን አመጣ። በረንዳው ላይ አንድ በአንድ ዘረጋቸው። ንፋስ እንዳይወስዳቸው ጫማ ጫነባቸው።

«ተባረኩ እሺ?» አላቸው። እሱም ወደ ታች በረረ።

ዘለለ። ጨፈረ። ምላሱን አውጥቶ ዝናብ ጠጣ። «አሳድገኝ! አሳድገኝ!»

ዝናቡ ሲያባራ ባሮክ ደረጃውን ሮጦ ወጣ። ፀጉሩ ጠብ ጠብ ይላል። የተባረኩ ሥዕሎቹን ሊያይ በረንዳው ላይ ብቅ አለ።

ቀዩ ነጩ ውስጥ ገብቷል። ሰማያዊው ቡናማው ውስጥ ገብቷል። ቢጫው የት እንደገባ እንጃ!

ጥርሱ የለም። ምንጣፉ የለም። ያ ሁሉ ረጅም ክር እንኳ የለም።

«እማዬ! ሥዕሎቼ! ሥዕሎቼ ታጠቡ!»

ባሮክ እዬዬ አለ። ውጭ ዝናቡ አባርቷል፤ ቤት ውስጥ ግን ዘነበ።

እማዬ አልተቆጣችም። አልሳቀችምም። ትንሽ ልትስቅ ነበር፣ ግን ከንፈሯን ነከስ አደረገች።

«እንዲባረኩ ብዬ ነው እኮ!» አለ ባሮክ።

«አውቃለሁ የኔ ጌታ።» አቀፈችው፣ ፀጉሩን በፎጣ አደረቀችለት። ወረቀቶቹንም ልብስ ማስጫው ገመድ ላይ ሰቀለቻቸው።

«ሲደርቁ ሥዕሎቹ ይመለሱ ይሆን?» አለ ባሮክ።

«እንጃ ልጄ። እናያለን።»

በማግስቱ ባሮክ ፊቱን እንኳ ሳይታጠብ ወደ ገመዱ ሮጠ። «ተመለሳችሁ?»

አልተመለሱም።

ምሳውን በላና እንደገና ሮጠ። «ተመለሳችሁ?»

አልተመለሱም።

የበዓሉ ዋዜማ ደረሰ። ወረቀቶቹ ደርቀው ኩርምት ብለዋል። «አሁንስ? ተመለሳችሁ?»

እናንተው በሉልኝ። አ-ል-ተ-መ-ለ-ሱ-ም!

በአዲስ ወረቀት ልሣል ብሎ የቀለሙን ሳጥን ከፈተ። ባዶ! ያ ረጅም ክር ቀለሙን ሁሉ ጨርሶታል።

እንቁጣጣሽ ነጋ። ፀሐይ ወጣች። ደረጃው ላይ ዱብ ዱብ የልጆች ኮቴ ብቻ ሆነ። ሁሉም ሥዕሉን ይዞ ይወጣል፣ ይወርዳል።

ባሮክ ብቻ ብርድ ልብሱን እስከ ራሱ ተከናንቧል።

«አልሄድም!» አለ ከውስጥ። «ምን ይዤ ልሂድ?»

እማዬ አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ አለች። «የጋሽ ወርቅነህ ሥዕል ላይ ምን ነበር?»

«ጥርሴ» አለ ብርድ ልብሱ።

«የእትዬ ዘሀራስ?»

«እኔ። ሳለቅስ።»

«የእማማ ጽጌስ?»

ብርድ ልብሱ ትንሽ ወረደ። አንድ ዓይን ታየ። «ክር። ግን እኮ ጠፋ!»

«ከወረቀቱ ላይ ጠፋ እንጂ ካንተ መች ጠፋ? ሁሉንም ታስታውሳለህ። በአፍህ ንገራቸው።»

«አፌ እምቢ ቢለኝስ?»

እማዬ ፈገግ አለች። «እንግዳ ቤታችን ሲመጣ፣ ብሉ ስንለው መጀመሪያ ምን ይላል?»

«በልቻለሁ፣ ጠግቤያለሁ ይላል።»

«ከዚያስ? ሳይበላ ይሄዳል?»

ባሮክ ብድግ አለ። «አይ! አንቺ በሞቴ ትዪዋለሽ። አፈር ስሆን ትዪዋለሽ። ከዚያ ይበላል። ይጨምራልም!»

«በቃ፣ አፍህም እየተግደረደረ ነው» አለች እማዬ። «እምቢ ሲልህ አትተወው፤ ለምነው።»

ባሮክ መስታወት ፊት ቆሞ ሞከረ። «አፌ፣ በሞቴ!»

እናንተም በሉት እስቲ። «አፌ፣ በሞቴ!»

ከዚያ አዲስ ሸሚዙን ለበሰ። የታጠቡትን ወረቀቶች ያዘ። ወደ ታች ወረደ።

የጋሽ ወርቅነህ ቤት ግቢው በር አጠገብ ነው። ትንሽ ናት፣ የጥበቃ ቤት። ኳ! ኳ! ኳ!

«ኧረ ባሮክ! እንኳን አደረሰህ!» አሉ ጋሽ ወርቅነህ። ወረቀቱን ተቀበሉ። ወደ ላይ አዩት፣ ገልብጠው አዩት።

«እ... እንቁላል ፍርፍር ነው?»

ባሮክ ራሱን ነቀነቀ። አይደለም።

«ቲማቲም ነው? የተረገጠ ቲማቲም?»

አይደለም! ባሮክ ሊናገር ፈለገ። አፉ ግን እምቢ አለ።

«አፌ፣ በሞቴ!» አለ በልቡ። እምቢ።

«አፌ፣ በሞቴ! አፈር ስሆን!» አለ አሁንም በልቡ።

እሺ አለ! ድምፅ ወጣ። የጉንዳን ድምፅ የምታህል፣ ትንሽዬ።

«ጥርሴ ነው» አለ ባሮክ። «የወለቀ ቀን ጣሪያ ላይ ልወረውረው ነበር። የእኛ ጣሪያ ግን ሩቅ ነው። ወረወርኩ፣ ወደቀ። ወረወርኩ፣ ወደቀ።»

ጋሽ ወርቅነህ ጎንበስ ብለው ጆሯቸውን ሰጡት።

«እርስዎ፣ የእኔስ ቤት ጣሪያ የለውም ወይ አሉኝ። ትከሻዎ ላይ አወጡኝ። ወረወርኩ። ቆርቆሮው ላይ ቋ! ብሎ ቀረ።»

ባሮክ አፉን ከፍቶ አሳያቸው። «ይኸው በቀለ! አሁን አንድ ነገር እምቢ ሲለኝ በሌላ እሞክራለሁ። ጋሽ ወርቅነህ፣ አመሰግናለሁ።»

«እኔ እኮ ረስቼው ነበር!» አሉ ጋሽ ወርቅነህ። «አንተ ይህን ሁሉ ጊዜ አልረሳኸውም?»

ወረቀቱን ግድግዳቸው ላይ ለጠፉት። ለባሮክ ኪሱ ሙሉ ቆሎ ሰጡት። «እደግ! ተመንደግ!»

«አሜን» አለ ባሮክ። አሜን ማለት እንኳ ዛሬ አላስቸገረውም።

ሁለተኛ ፎቅ ወጣ። ኳ! ኳ! ኳ!

«ውይ፣ ባሮክዬ! እንኳን አደረሰህ፣ ግባ ግባ!» አሉ እትዬ ዘሀራ። ወረቀቱን አዩት። «ምን ያምራል! ባሕር ነው?»

አይደለም።

«ጎርፍ ነው?»

አይደለም! በሉ ልጆች፣ እንርዳው። «አፌ፣ በሞቴ!»

አፉ ትንሽ ተግደረደረ። ብዙ ግን አልቆየም። አሁን የድመት የሚያህል ድምፅ ወጣ።

«ምንጣፍዎ ነው። ሚልካ ልትወለድ እማዬና አባዬ ሐኪም ቤት የሄዱ ቀን። እኔ እዚህ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ።»

«አዬ፣ እንዴት ያለ ለቅሶ!» አሉ እትዬ ዘሀራ።

«እርስዎ ግን ዝም በል አላሉኝም። አጠገቤ ቁጭ አሉ። አልቅስ፣ ስትጨርስ ሳምቡሳ አለ አሉኝ።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያ ሳምቡሳው ሸተተኝ። ቶሎ ጨረስኩ!»

እትዬ ዘሀራ ከት ብለው ሳቁ። ባሮክም ሳቀ።

«ለቅሶም እንደሚያልቅ ያን ቀን ነው ያወቅኩት» አለ። «እትዬ ዘሀራ፣ አብረውኝ ቁጭ ስላሉ አመሰግናለሁ።»

እትዬ ዘሀራ አሁን አልሳቁም። ጎትተው እቅፋቸው ውስጥ አስገቡትና ግራ ጉንጩን፣ ቀኝ ጉንጩን ሳሙት።

«አላህ ያሳድግህ፣ የኔ ልጅ!»

«አሜን!» አለ ባሮክ። አሁን ጮክ ብሎ ነው።

ሦስተኛ ፎቅ ወጣ። ኳ! ኳ! ኳ!

መልስ የለም። እማማ ጽጌ ጆሯቸው ትንሽ ይከብዳል። ኳኳኳኳኳ!

«ማነው? እህ፣ ባሮክ ነህ?» እማማ ጽጌ ብቅ አሉ። ወረቀቱን ተቀብለው አፍንጫቸው ድረስ አስጠጉት።

«እሰይ! እንዴት ያለ ያማረ በግ ነው የሣልክልኝ!»

በግ! ባሮክ አፌ በሞቴ ለማለት እንኳ ጊዜ አላገኘም። «በግ አይደለም እማማ!» አለ። «ክር ነው!»

«እ? ምን አልክ?»

«ክር ነው!»

«አልሰማህም ልጄ፣ ጮክ በል!»

ባሮክ ሳንባው ሙሉ አየር ሳበ። «ክ-ር! ነ-ው!»

ፎቁ ሁሉ አስተጋባ። ከላይ በር ተከፈተ። ከታችም በር ተከፈተ። እትዬ ዘሀራ ደረጃው ላይ ወጡ። ጋሽ ወርቅነህም ግቢው ውስጥ ቆመው ወደ ላይ አንጋጠጡ።

ባሮክ ሁሉንም አያቸው። ጉንጩ ጋለ። የእናቱ ቀሚስ እዚያ የለም። መደበቂያ የለም።

እማማ ጽጌ ግን ጆሯቸው ላይ እጃቸውን አድርገው እየጠበቁት ነው። ወሬውን መስማት ፈልገዋል።

ስለዚህ ባሮክ ተናገረ። ጮክ ብሎ፣ ሁሉም እየሰማ።

«የቦርሳዬ ማንገቻ ተበጠሰ! እርስዎ ልስፋልህ አሉኝ! ግን ክሩ መርፌው ውስጥ አልገባም አለ!»

«አዎ! ዓይኔ ደክሟል እኮ!» አሉ እማማ ጽጌ።

«እኔ አስገባሁት! እኔ ክር አስገባሁ፣ እርስዎ ሰፉ! ያን ቀን ትንሽ ልጅም ትልቅ ሰው ማገዝ እንደሚችል አወቅኩ! እማማ፣ አመሰግናለሁ!»

«አንተ ታመሰግነኛለህ?» አሉ እማማ ጽጌ። «አመስጋኟስ እኔ ነኝ! ቤቴ ጭር ብሎ ነበር። አንተ መጥተህ አጠገቤ ቁጭ ያልክ ቀን፣ ደስ ብሎኝ ዋልኩ።»

ባሮክ ይህን አያውቅም ነበር። እሱም ለሰው ጥሩ ነገር ሰጥቶ ኖሯል፣ ሳያውቀው።

እማማ ጽጌ ትልቅ ቁራሽ ድፎ ዳቦ ቆርሰው በሁለት እጁ አስያዙት። ከታች ጋሽ ወርቅነህ አጨበጨቡ። «እሰይ! ባሮክ አፉን ፈታ!»

ደረጃው ሁሉ ሳቀ። ባሮክም ዳቦ እንደጎረሰ ሳቀ።

ቀኑ መሸ። ባሮክ ተጣጥቦ አልጋው ውስጥ ገባ። ያወራል። ያወራል። አሁንም ያወራል።

«እሺ፣ ሰማሁ» አለች እማዬ። «ለሁሉም ደረሳቸው። ለእኔስ? ለእኔ አልሣልክልኝም?»

ባሮክ እጁን ትራሱ ሥር አስገባ። አንድ ወረቀት አወጣ። ነጭ ነው። ምንም የለበትም።

«ውይ፣ የእኔም ታጠበ እንዴ?»

«አልታጠበም» አለ ባሮክ። «አልሣልኩትም።»

እማዬ ወረቀቱን ተቀብላ ገልብጣ አየችው።

«መጀመሪያ ቁርስ ስትሠሪልኝ ልሥል ነበር» አለ ባሮክ። «ከዚያ ትምህርት ቤት ስታደርሺኝ ልሥል አልኩ። ከዚያ ሲያመኝ አብረሽኝ ስታድሪ። ከዚያ ሚልካን አዝለሽ እኔንም ስታቅፊኝ።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያ ተውኩት። ብዙ ነው እማዬ። ወረቀቱ አይበቃም።»

እማዬ ነጩን ወረቀት ደረቷ ላይ አደረገችው። ዓይኗ ሞላ። አዝና አይደለም፤ ትልቅ ሰው በጣም ደስ ሲለውም ዓይኑ ይሞላል።

«እንግዲያው ሁሉንም ንገረኝ» አለችው። አጠገቡም ጋደም አለች።

ባሮክ ጀመረ። «ቁርስ ስለሠራሽልኝ አመሰግናለሁ። ትምህርት ቤት ስላደረስሽኝ አመሰግናለሁ። ሚልካን ስለወለድሽልኝ... አመሰግናለሁ። ሥዕሎቼን ስለሰቀልሽልኝ... አመ... አመሰ...»

እንቅልፍ ይዞት ሄደ።

እማዬ ብርድ ልብሱን እስከ አንገቱ ሳበችለት። ግንባሩን ሳመችው።

«እኔም አመሰግንሃለሁ፣ የኔ ልጅ» አለችው ቀስ ብላ።

ወሬዬ እዚህ ጋ አለቀ። የሰማ ይደግ፤ የተኛም ይደግ።